የጨዋ ልጅ ጥፋት

አደይ የቀበሌውን ኪነት በተቀላቀለች ዕለት ከደጃፍ ላይ አስቁሜ ብዙ መከርኋት። የሸራ ጫማዋን በጋዜጣ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛለች። አንድ እግሯ ከውጭ፣ አንድ እግሯ ከውስጥ ሆኖ «እሺ እምዬ፤ እሺ» ትለኛለች። ልቧ ግን ከአዳራሹ ነው።

«አሠልጣኙ ሲናገር ዓይን ዓይኑን አትይው» አልኋት። «ከፊት ረድፍ አትቁሚ፤ ከፊት የቆመ ሰው ቀድሞ ይታያል። ባልንጀራሽ እግርሽን ብትረግጥሽ ይቅርታ የምትጠይቂው አንቺ ነሽ። ውሃ ቢጠማሽ ሌሎቹ ጠጥተው እስኪጨርሱ ጠብቂ። ከተቆጣ ደግሞ ምክንያት እንዳትደረድሪ። አጥፍቻለሁ በይ፣ አለቀ።»

«ሳላጠፋስ?»

«ሳታጠፊም።»

«እንዴ፣ እምዬ!»

«እንዴ አትበይኝ። አጥፍቻለሁ ያለን ሰው ማን ይመታል? ቁጣው ይበርዳል፤ አንቺም በሰላም ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

ሳቀችና ጉልበቴን ስማኝ ሮጠች። እኔም እስክትታጠፍ ድረስ ቆሜ አየሁ። ከታጠፈች በኋላም ቆሜ ነበር። ወሩ ሰኔ ነው፣ 1976 ዓ.ም.። ዝናቡ ከጣና ማዶ ጠቁሮ እየመጣ ነበር፤ ጃንጥላ አለመያዟ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

አንድያ ልጄ፣ የአደይ እናት፣ አገርነሽ ትባል ነበር። አስተማሪ ነበረች። በ1970 ዓ.ም. በአንድ ስብሰባ ላይ ተነሥታ ጥያቄ ጠየቀች። ጥያቄው ምን እንደ ነበር እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም። የጠየቀችው ማክሰኞ ነው፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በላንድሮቨር መጥተው ወሰዷት። ሁለት ወር ሙሉ ስንቅ ይዤ ተመላለስሁ። አንድ ቀን ዘበኛው ሳህኑን አልቀበል አለና «ከእንግዲህ አይድከሙ እናቴ» አለኝ። እሱም በጨዋ ደንብ ነው የነገረኝ፤ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ።

አደይ ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር። አባቷ ወደ ሐረር ተዛውሮ እዚያው ሌላ ቤት ሠርቷል። እኔና እሷ ቀረን። ከዚያ ወዲህ ሳሳድጋት የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዚህ ከተማ ማንም ሰው ስሟን የሚያስታውስበት ምክንያት እንዳይኖር።

ታዲያ ለምን ኪነት ሰደድሻት ትሉኝ ይሆናል። አንደኛ ነገር፣ ቀበሌው ወጣቶችን ሲጠራ የኔ ልጅ አትሄድም ብል ለምን እባላለሁ፤ ለምን ከተባልሁ ደግሞ የእናቷ ነገር ይነሣል። ሁለተኛው፣ ልጅቷ ወደደችው። ውሃ ስትቀዳ ትከሻዋ ይሄዳል፤ ልብስ ስታሰጣ ትከሻዋ ይሄዳል። «እምዬ፣ ከበሮው ሲጀምር የት እንዳለሁ ይጠፋኛል» አለችኝ አንድ ቀን። ነሐሴ ላይ ከደብረ ማርቆስ መራጮች እንደሚመጡና ጥሩ የሚጨፍሩትን ለክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን በደመወዝ እንደሚቀጥሩ ከሰማች በኋላማ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ሌሊት በእንቅልፏ እንኳ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ስትቆጥር እሰማታለሁ። የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ከዚያ በፊት ይህን እፈልጋለሁ ብላኝ አታውቅም፤ ጫማ እንኳ ሲያልቅባት የምትነግረኝ እኔ አይቼ ስጠይቃት ነው።

እኔም የረድፍ ሥርዓት የማላውቅ ሰው አይደለሁም። አባቴ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ በጎርጎራ በኩል ባለች አንዲት ደብር አቋቋም ያስተምሩ ነበር። ደቀ መዛሙርቱ መቋሚያና ጸናጽላቸውን ይዘው በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ከበሮው ሲመታ ረድፉ ከባሕር ላይ እንዳለ ታንኳ ወዲህና ወዲያ ይላል። አንዱ ሲስት አባቴ ከበሮውን በመዳፋቸው ያስቆማሉ። ማነው የሳተ ብለው አይጠይቁም፤ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ከረድፉ አንዱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያልሳተው፣ ጎንበስ ብሎ «አጠፋሁ የኔታ» ይላል። ያን ጊዜ የሳተው ልጅ ያፍርና «የለም፣ እኔ ነኝ» ብሎ ከእግራቸው ይወድቃል። አባቴም «እግዚአብሔር ይፍታችሁ፤ ቁሙ» ይላሉ፤ ከበሮው ይቀጥላል። እኔ ሴት ስለ ሆንሁ ከረድፉ አልገባም፤ በአጥር ቀዳዳ ነው የማየው። ዳዊት ደግሜአለሁ፤ በኋላም ባሕር ዳር መጥቼ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬአለሁ። የሰው ወግ የተማርሁት ግን በዚያ ቀዳዳ ነው። ዓለም ሁሉ በዚያ ደንብ የሚተዳደር ይመስለኝ ነበር።

የኪነቱ አሠልጣኝ አካሉ ይባላል። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። ቀጭን ነው፤ ሲራመድ እንኳ መሬቱን የሚያዳምጥ ይመስላል። ከአዳራሹ ግድግዳ ላይ ደንብ ጽፎ እንደ ለጠፈ አደይ ነገረችኝ። ሳያስፈቅዱ አለመውጣት፣ ማስቲካ አለማኘክ፣ ጉትቻና ቀለበት አውልቆ መግባት፣ የጎረቤትን ስሕተት አለማረም፣ እሱ የአሠልጣኙ ሥራ ስለ ሆነ። የመጨረሻው ደንብ የተሳሳተ ሰው ጭፈራውን ሳያቆም እጁን ከፍ አድርጎ ዝቅ ያድርግ የሚል ነበር። አሠልጣኙ ያያል፣ በልቡ ይይዛል፣ በኋላ ያርማል።

ሐምሌ ላይ ይኸው አካሉ ቤቴ መጣ። ከመንግሥት በኩል የመጣ እግር ሁሉ ያስደነግጠኛል። አረፍ በል ብዬ ወንበር ሰጠሁት።

«አይስጉ እማማ ፀሐይወርቅ፤ ለክፉ አልመጣሁም» አለ። «ልጅዎ ትከሻ አላት። ብዙ አስተምሬያለሁ፣ እንዲህ ያለ ትከሻ ያየሁት ሁለቴ ነው። ብቻ አንድ ሁለት ነገር ይምከሩልኝ። ዓይኗን አታነሣም። እስክስታ እኮ በዓይን ነው የሚጀመረው፤ መሬት መሬት እያየች የጠፋባት ሳንቲም የምትፈልግ ነው የምትመስለው።»

«ጨዋ ስለ ሆነች ነው ልጄ።»

«እሱስ ገብቶኛል። ሌላው ደግሞ እጇ ነው። ሁልጊዜ ታነሣለች! እናትዓለም ስትሳሳት አደይ ታነሣለች። ሌላዋ ስትሳሳት አደይ ታነሣለች። ባለፈው ከበሮ መቺው ሳተና እሷ አነሣች!»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። አባቴ ቢያዩዋት አልሁ በልቤ።

እሱ ግን ሳቁን ተወና ወደኔ ጠጋ አለ። «ጨዋነት መሆኑ አይጠፋኝም እማማ። የዳንስ ክፍል ጨዋነት ግን ለየት ይላል። የራስን ስሕተት እኔ ነኝ ማለት፣ የራስ ያልሆነውን አይደለሁም ማለት ነው። አለዚያ እኔ ማንን እንደማርም አላውቅም፤ የተሳሳተችውም ሳትማር ትቀራለች። ይህንን ከኔ አፍ አትሰማም፤ እርስዎ ይንገሯት።»

«እነግራታለሁ» አልሁት። አልነገርኋትም።

እናትዓለም ያላት የቀበሌው ሊቀመንበር የጓድ ክንዱ የእኅቱ ልጅ ናት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከፊት ረድፍ መሐል ቆማለች። ጠማማ ልጅ አይደለችም፤ ብቻ እጇን ስታነሣ ያያት የለም።

ነሐሴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ መራጮቹ ሊመጡ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ከአውራጃው የመጡ ካድሬዎች ልምምዱን እንዲያዩ ተደረገ። ወላጆችም ተጠራን። እኔ ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ጥግ ተቀመጥሁ። ልጃገረዶቹ ጥለቱ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የሆነ ቀሚስ ለብሰው ገቡ። ከመድረኩ መሐል ከኮምፔርሳቶ ጣውላ ተቆርጦ ቀይና ወርቃማ ቀለም የተቀባ ማጭድና መዶሻ ቆሟል። ጭፈራው ሲያልቅ ስድስት ልጆች ከብበውት ያነሡታል፤ የዝግጅቱ ማሳረጊያ እሱ ነው።

አደይ ከኋላ ረድፍ ነበረች። እንዲያም ሆኖ የካድሬዎቹ ዓይን እሷ ላይ ሲያርፍ አየሁና በነጠላዬ አፌን ያዝሁ። መኩራት ይሁን መፍራት እኔም አላውቅም።

ወደ መጨረሻው ላይ ረድፉ ሁሉ ወደ ግራ ሲዞር እናትዓለም ወደ ቀኝ ዞረች። ትከሻዋ ከዓርማው ጋር ተጋጨ። ዓርማው ከሲሚንቶው ላይ ወደቀና የማጭዱ እጀታ ተገንጥሎ ከካድሬዎቹ እግር ሥር ሄዶ ቆመ። አደይ ከሦስት ሰው ጀርባ ናት፤ በእጇም በእግሯም አልደረሰችበትም።

ከበሮው ቆመ። ጓድ ክንዱ ለእንግዶቹ «ይጠገናል፣ ይጠገናል፤ አናጢ አለን» እያለ ሳቀ። አንደኛው ካድሬ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ እጀታውን አነሣና አቧራውን አራግፎ ለክንዱ ሰጠው። የክንዱ ጆሮ ሲቀላ ከተቀመጥሁበት ሆኜ አየሁ።

ለረቡዕ የሂስና ግለሂስ ስብሰባ ተጠራ። ማክሰኞ ማታ አደይ ራቷን ሳትነካ ተቀምጣ ቆየችና፦

«እምዬ፣ እናትዓለም መሆኗን ሁሉም አይቷል። ጓድ አካሉም አይቷል» አለችኝ። «ግን ማን ይናገራል? ሰብሳቢው አጎቷ ነው።»

«አንቺ እንዳትናገሪ!»

«አልናገርም። ግን አጥፊው ካልታወቀ ቡድኑን እበትነዋለሁ ብሏል። መራጮቹ ቅዳሜ ነው የሚመጡት።» ድምፅዋ ቀጠነ። «ቡድን ከሌለ ምን ያያሉ?»

ሌሊቱን ስገላበጥ አደርሁ። ሲነጋጋ መላው የተገለጠልኝ መሰለኝ። ቀስቅሼ አስቀመጥኋት።

«ተነሽና አጥፍቻለሁ በይ።»

«እኔ?»

«አንቺ። ስትነሺ እናትዓለም ታፍራለች፤ የለም እኔ ነኝ ትላለች። እሱም የእኅቱ ልጅ መሆኗን ሲሰማ ይቅር ይላል። ቡድኑም አይበተንም፣ አንቺም ቅዳሜ ትጨፍሪያለሽ።»

«ባታፍርስ?»

«እንዴት አታፍርም? የሰው ልጅ አይደለችም?»

አደይ ጥቂት አየችኝ። ከዚያ «እሺ» አለች። እሺ ማለት ያስተማርኋት እኔ ነኝ።

ስብሰባው ላይ ጓድ ክንዱ ብዙ ተናገረ። ዓርማው የሰፊው ሕዝብ ደም ነው አለ፤ የወደቀው እንጨት አይደለም አለ። ጸሓፊው ይጽፋል። በመጨረሻ «አጥፊው ራሱን ያጋልጥ» አለ።

አደይ ተነሣች። እጆቿን አጣምራ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ «ጓድ ሊቀመንበር፣ አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች።

እናትዓለምን አየሁ። ጥፍሯን እያየች ነበር። አሁን ትነሣለች፣ አሁን ትነሣለች እያልሁ ጠበቅሁ። ጥፍሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ሌላውን እጇን ማየት ጀመረች።

ክንዱ የተገረመ መሰለ፤ ከዚያ የቀለለው። ወንበሩ ላይ ደገፍ አለ። «በቸልተኝነት ነው? ወይስ በአሻጥር?»

«እርስዎ ያወቁት ነው ጓድ ሊቀመንበር።»

ትልቅ ሰው ሲጠይቅሽ አትከራከሪ ብያታለሁና እንዲህ መለሰች። ጸሓፊው ቀና ብሎ ክንዱን አየው። ክንዱ «ጻፍ» አለው።

አካሉ ከጥግ ብድግ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ነገር ቢመዘገብልኝ። ይህች ልጅ ሁልጊዜ እጇን ታነሣለች። የሌላ ሰው ስሕተት ሲሆንም ታነሣለች።»

«የማን ስሕተት ነው ታዲያ?» አለው ክንዱ።

አካሉ ፊት ረድፍ ወዳለችው እናትዓለም አየ፤ ከክንዱ ወገብ ላይ ወዳለው ሽጉጥም አየ። «እኔ... ሁልጊዜ ታነሣለች ነው ያልኩት» አለ።

«እንግዲያው ልማዷ ነው» አለ ክንዱ። ከኋላ አንዳንዶች ሳቁ። አካሉ ተቀመጠ።

እኔም እዚያው ነበርሁ። ከዚያች አግዳሚ ተነሥቼ፣ ያዘዝኋት እኔ ነኝ፣ የሰበረችውን ሁላችሁም አይታችኋል ማለት ነበረብኝ። ነጠላዬን በሁለት እጄ ጨምድጄ ይዤ ተቀመጥሁ። በሰው መሐል፣ ያውም ከወንዶች ፊት፣ ሰብሳቢ ሳይፈቅድ መናገር ነውር ነው እያልሁ ለራሴ ነገርሁት። ነውሩ አልነበረም የያዘኝ። አገርነሽ ነበረች።

«ከቡድኑ ታግዳለች» ተብሎ ተነበበ። «ቀሪው እየተጣራ ይሄዳል።» ጭብጨባ ሆነ። አደይ እጅ ነሥታ ተቀመጠች።

 መንገድ ሙሉ እኔ ለፈለፍሁ። እናትዓለምን ረገምሁ፣ አካሉን ረገምሁ። ቤት ስንደርስ አደይ ቀደም ብላ በሩን ከፈተችልኝና እኔ እስክገባ ጎን ቆመች። እንደ ወትሮዋ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። ጓድ ክንዱ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለኝ። «ይቀመጡ እማማ፤ በዚህ ጭቃ ምን አመጣዎ?» አለኝ።

«ልጅቷ አልሰበረችውም፤ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ራሷ አምናለች እኮ። ተጽፏል።»

«እኔ ነኝ እንዲህ በይ ያልኋት። ለይቅርታ ብዬ። ከኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ ሰው ያላጠፋውንም አጠፋሁ ይላል፤ ለሰላም።»

ፈገግ አለ። «ታዲያ እርስዎን ልክሰስ?»

«ይክሰሱኝ።»

«ኧረ እማማ! እርስዎን ምን ልበል? አሮጊት አስረሃል ልባል?» ብዕሩን እያገላበጠ ቆየ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። «እርግጥ ማን መከራት የሚለው ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው። የማን ልጅ ነበረች? የዚያች የአስተማሪዋ አይደለችም? የአገርነሽ?»

 

«የቆየ ፋይል አለ» አለ። «እስካሁን ማንም አልከፈተውም። እርስዎ ይጣራልኝ ካሉ መክፈት ይኖርብናል። ይከፈት ይላሉ?»

«አይ። አይከፈት።»

«እንግዲያው ልጅቷ ቤቷ ትቀመጥ። እኛም እንረፍ፣ እርስዎም ይረፉ።» እስከ በሩ ሸኘኝ። ደረጃው እንዳያዳልጠኝ ክንዴን ይዞ አወረደኝ። አመሰገንሁት። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ጎንበስ አልሁ። ዛሬም ሳስበው ወገቤን የሚያመኝ ያ ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አካሉ በሩን አንኳኳ። ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ በስብሷል። አደይ ድምፁን ስትሰማ ብድግ አለችና እንግዳ ፊት በቤት ልብስ አልታይም ብላ ከአልጋው መጋረጃ ጀርባ ገባች። እሱ ጀርባውን ለመጋረጃው ሰጥቶ ተቀመጠ።

«እማማ፣ ረቡዕ ዕለት ዝም አልኩ» አለኝ። «ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ይስሙኝ። መራጮቹ የቀበሌ ሰዎች አይደሉም፤ ክንዱንም አያውቁትም። የሚያዩት ትከሻ ነው። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ በአዳራሹ ጀርባ በር በኩል ትምጣ። ልብሷን ለብቻ አስቀምጬላታለሁ። አስገባታለሁ፤ አንድ ጊዜ ካዩዋት አለቀ። ሰኞ ደብረ ማርቆስ ናት።»

«ክንዱ ሲያያትስ?»

«እንግዳ ፊት ምን ይላል? ዓርማው የተሰበረው እዚህ ነው ብሎ ያወራል? ከሄደች በኋላ ደግሞ እጁ አይደርስባትም።»

«አንተስ ልጄ?»

ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔን ተዉኝ። የመጣው ይምጣ።»

ከመጋረጃው ሥር የአደይ እግር ይታየኝ ነበር። ባዶ እግሯን ነው። አካሉ ሰኞ ደብረ ማርቆስ ናት ሲል ተረከዟ ከመሬት ተነሣ፤ በጣቶቿ ጫፍ ቆመች። ጠፍጣፋ መሬት ላይ ሳይሆን አየር ላይ የቆመች መሰለኝ።

እኔ ግን የማየው ሌላ ነው። ፋይሉ ሲከፈት አየሁ። ላንድሮቨሩን አየሁ። ሳህኔን ይዤ በዚያ በር ላይ ስቆም አየሁ።

«አሟታል» አልሁ።

«ምን?»

«ወባ ነው። ከትናንት ጀምሮ ተጋድማለች። እንኳን ልትጨፍር ልትቆምም አትችልም።»

«ውይ! እስቲ ልያት?»

«አሁን ገና ነው እንቅልፍ የወሰዳት። ተዋት ልጄ፤ እግዜር ያክብርህ።»

እግሮቿን አየሁ። ተረከዟ ቀስ ብሎ ወረደ። ወጣ ብትል ሁለት እርምጃ ነው። ደህና ነኝ፣ እመጣለሁ ብትል ሁለት ቃል ነው። ያን ጊዜ ብትወጣ ምን አደርግ እንደ ነበር አላውቅም፤ ምናልባትም አመሰግናት ነበር። መጋረጃው አልተነቃነቀም።

 አካሉ ተነሥቶ «ምሕረቱን ያውርድላት» አለና ወደ ዝናቡ ወጣ።

አደይ ወጥታ እሱ የተቀመጠበትን እርጥብ ወንበር በጨርቅ አደረቀችው። 

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሆነ። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ በሰፌድ ምስር ትለቅማለች። ሦስት ሰዓት ሲሆን ከአዳራሹ ከበሮ ተሰማ። እጇ ቆመ። ፊቷን ከሰፌዱ አላነሣችም፤ ግን የግራ ትከሻዋ ብቻውን፣ ማንም ሳያዘው፣ አንድ ጊዜ ሄደና ተመለሰ። እሷም እንዳሳፈራት ሁሉ በቀኝ እጇ ያዘችው።



«ሂጂ!» አልኋት። «ተነሽ፣ ሂጂ! አሁንም ትደርሻለሽ፤ በጀርባ በር ግቢ! ፋይሉም ይከፈት፣ ሰማይም ይውደቅ፣ ሂጂ!»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ደረቅ ነው።

«እንዴት አድርጌ እሄዳለሁ እምዬ? ወባ ይዟታል ብለውታል እኮ። ዛሬ ስጨፍር ቢያየኝ እርስዎን ምን ይልዎታል?»

«የፈለገውን ይበለኝ!»

«አይሆንም» አለች፤ በለሰለሰ ድምፅ። «ትናንት እንግዳ ፊት አላዋርድዎትም ብዬ ዝም አልሁ። ዛሬ ሕዝብ ፊት ዋሾ ላድርግዎት?»

ክንዷን ይዤ ጎተትኋት፤ እጄን በቀስታ አላቀቀችና ወደ ምስሩ ተመለሰች። ለመንኋት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስሁ። «እሺ እምዬ፣ ይቀመጡ፤ ፀሐይ ይመታዎታል» ትለኛለች። ከበሮው ቀጠለ። ጨዋታው ሲለዋወጥ ሁሉ አወቅሁት፤ ሁሉንም ቤቴ ውስጥ ስትለማመድ ሰምቼዋለሁ። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ቆመ። ከዚያ እልልታ ሆነ፤ ልጃገረዶቹ እየዘፈኑ በደጃችን አለፉ። ከመሐላቸው እናትዓለምን በትከሻቸው ተሸክመዋታል። እናትዓለም አደይን ስታይ እጇን አውለበለበችላት። አደይም ሰፌዱን አስቀምጣ ከመቀመጫዋ ተነሥታ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለቻት።

ካለፉ በኋላ ከፊቷ ተንበረከክሁ።

«ተቆጪኝ ልጄ» አልኋት። «ስደቢኝ። አንድ ነገር በይኝ።»

ልታነሣኝ ሁለት እጇን ዘርግታ ግራ በመጋባት አየችኝ።

«ምን ብዬ?» አለችኝ።

የምሯን ነው። አታውቀውም ነበር።